የቀይ ዶሮዬ መርዶ

ከባለቤቴ ከአንተነህ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ በዶሮዎቻችን እግር ላይ ክር ማሰር ነበር። ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ፀሐይ ልትገባ ስትል። ደብረ ማርቆስ ባለው ቤታችን ጓሮ፣ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እኔ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እየያዝሁ አቀርብለታለሁ፤ እሱ ከአሮጌ ሹራብ የተተረተረ ክር ያስርላቸዋል። የአንድ እቅፍ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም እግራቸው ቢጫ፣ ሁሉም ጅራታቸው አጭር። ለአንዷ አረንጓዴ፣ ለአንዷ ነጭ፣ ለአንዷ ሰማያዊ። ክሩ እንዳይጠብቅባት ትንሿን ጣቱን በእግሯና በክሩ መካከል እያስገባ ይለካ ነበር።

«አንተ መቼ ተሳስተህ ታውቅና ነው ክር የምታስረው?» አልሁት።

«ለእኔ አይደለም፤ ላንቺ ነው» አለኝ።

«እኔስ ካንተ አይደል የተማርሁት?»

«ተምረሻል፤ ግን ትቸኩያለሽ» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዶሮዎቹን አስገባን፤ በራቸውን ዘጋ፤ እኛም ቤት ገባን። በዚያው ሳምንት ታመመ። ከሐኪም ቤት በእግሩ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ አንተነህን ላስበው ስል የሚመጣልኝ የመጨረሻው ፊቱ አይደለም። ገና ልጅ ሆኖ፣ በቅንጭብ አጥር ሽንቁር አንገቱን አስግጎ ዶሮ ሲመለከት ነው የሚታየኝ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከጉንደ ወይን ገበያ ወረድ ብሎ ነበር። የእኛንና የእነአንተነህን ግቢ የሚለየው ያ የቅንጭብ አጥር ብቻ ነው። መሐሉ ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ሽንቁር ነበረው። በእሱ እሳት እንጫጫራለን፤ እርሾና ወንፊት ይመላለስበታል። ዝናብ ሲያባራ ከግቢያችን ሥር ካለው የባቄላ ማሳ ይነሣ የነበረው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ቅልሞሽ ስጫወት አንተነህ በወዲያ በኩል ሆኖ ዶሮ ያይ ነበር። እኩዮቹ የጨርቅ ኳስ ሲያባርሩ እሱ የዶሮ እግር ይከተላል። እናቱ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ «እናንተ ሆይ፣ ይህ ልጅ ዶሮ ሊያገባ ነው!» እያሉ ያሾፉበት ነበር።

በዚያ ዓመት ኩፍኝ ታምሜ ተነሣሁ። ስድን አክስቴ አንዲት ቀይ ቄብ፣ ገና እንቁላል ያልጣለች ዶሮ፣ አቅፋ መጣች። «ያንቺ ናት። እንቁላሏም ጫጩቷም ያንቺ ነው» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ የእኔ የምለው ነገር ኖሮኝ አያውቅም፤ ቀሚሴ እንኳ ከእህቴ የወረደ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ሳላስቀምጥ የምፈልገው እሷን ሆነ። ሳቅፋት ደረቷ ይሞቃል፤ ላባዋ ፀሐይ የመታው ጭድ ይሸታል።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ማንጠግቦሽ ከገበያ ቀይ ዶሮ ገዝተው መጡ። እንደ ደንቡ ቤቱን እስክትለምድ እግሯን በገመድ ከምሰሶው አሠሯት፤ ስትለምድ ፈቷት። ላያት ሄጄ ደነገጥሁ። የእኔዋ ነበረች የምትመስለው፤ በላባዋም፣ በጉትያዋም፣ በቁመቷም። ሁለቱ ወዲያው ተዋደዱ። ቀን ቀን አብረው ይጭራሉ፣ ማታ ሽንቁሩ ላይ ተለያይተው እያንዳንዳቸው ወደየቆጣቸው ይገባሉ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴን ባቄላው ዳር ቆማ አገኘኋት። ቀበሮ መጥቶ ነበር። መሬት ላይ የተበተነ ቀይ ላባ እንጂ ሌላ የለም። አንደኛዋ ተበልታለች፤ ሌላዋ ደንግጣ የት እንደገባች አልታወቀም። ያን ሌሊት በሁለቱም ቤት ቆጥ ላይ ቀይ ዶሮ አላደረችም። ጠዋት ሽንቁሩ ውስጥ ተኮራምታ አገኘኋት። ሮጬ አቀፍኋትና ቤት አስገብቼ ቅርጫት ደፋሁባት። የእኔ መሆኗን ለአፍታም አልተጠራጠርሁም። ሳስበው ስላወቅኋት አልነበረም፤ እንድትሆን ስለፈለግሁ ነው።

እትዬ ማንጠግቦሽ ወዲያው መጡ።

«እታለም፣ ዶሮዬን ልቀቂልኝ» አሏት እናቴን።

«የቷን ዶሮሽን? ያንቺማ ላባዋን ጥላ ሄደች።»

«ኧረ ተይ! የራሴን ዶሮ መለየት አቃተኝ?»

«ከገበያ ያመጣሻት ትናንት! መቼ ዓይተሻት ታውቂያታለሽ?»

«አንተነህ!» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ዞር ብለው። «አንተ አይደለህ ከዶሮ ጋር የምትውል? ንገራት እንጂ!»

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። የመንደሩን ዶሮ ሁሉ በአረማመዷ የሚያውቅ ልጅ ነበር። ቅርጫቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ አቀርቅሮ፣ «እኔ እንጃ» አለ።

«ወይ ልጅ መውለድ! ቀን ሙሉ ዶሮ ላይ ሲያፈጥ ይውልና ዛሬ እኔ እንጃ!» እያሉ እናቱ ጆሮውን ይዘው ወሰዱት።

ከዚያች ጠዋት ጀምሮ በሽንቁሩ እሳት መጫር ቀረ። እናቴ እሳት ሲጠፋባት ሩቅ ቤት ትሄድ ጀመር፤ ዶሮዋንም ከቅርጫቱ ሥር አላወጣናትም። ነገሩ እየከረረ ሲሄድ አያ ቢምረው የሚባሉ፣ በሁለቱም ቤት የሚታመኑ ሽማግሌ ገቡበት። ነገሩን ከሁለቱም ሰሙና፣ «እናንተን አድምጬ አልፈርድም። ሰው ቤቱን ይክዳል፣ ዶሮ ግን ቆጧን አትክድም። ማታ እሷው ትፍረድ» አሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱም ቤተሰብ በየግቢው ቆመ። ጎረቤቱም ወጣ። አያ ቢምረው ቅርጫቱን ሽንቁሩ አፍ ላይ አስቀመጡ። «ማንም በአፉ እንዳይጠራት፣ እህልም እንዳያሳያት። ያደረገ ተረቷል!» አሉና ቅርጫቱን አነሡት።

ዶሮዋ ላባዋን አራገፈች። ግራ ቀኝ አየች። ወደ እኛ በኩል ራመድ ስትል የእናቴን ነጠላ ጨበጥሁ። መሬቱን ጫር ጫር አደረገች፣ የሆነ ነገር ለቀመች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች። ሳትቸኩል በሽንቁሩ አልፋ፣ እነአንተነህ ደጃፍ ደርሳ፣ ገብታ፣ ቆጣቸው ላይ ወጣች።

ረታሁ ብሎ የጮኸ የለም። ዶሮዬ በቀበሮ የተበላችው ያኔ ነው፤ ለእኔ ያኔ ነው። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ በሽንቁሩ ጎንበስ ብለው መጥተው፣ «ወይኔ ልጄ፣ ወይኔ ልጄ» እያሉ አጠገቤ ተቀመጡና አብረውኝ አለቀሱ። እናቴ፣ «ተይ፣ ዶሮ እኮ ናት» ትላለች፤ ነገር ግን የእሷም ዓይን አልደረቀም። ያን ማታ እሳት የጫርነው ከእነአንተነህ ቤት ነው።

በማግስቱ አንተነህ ሽንቁሩ ጋ ሲጠብቀኝ አገኘሁት።

«ታውቅ ነበር አይደል?» አልሁት።

«አውቅ ነበር።»

«በምን?»

«ያንቺዋ ውኃ ስትጠጣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። ይቺ አትጨፍንም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? አንተ ቂል!»

«ብነግርሽ እኮ ያንቺዋ ሞታለች ማለት ነው» አለኝ። «መርዶ ደግሞ ልጅ አይነግርም።»

እውነቱን ነው፣ በእኛ አገር ልጅ መርዶ አይነግርም። የሰው ሞት ሲሰማ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጠዋት በማለዳ ደጅ ደርሶ፣ የሚደግፍ እጅ በአጠገብ ሳይኖር አይነገርም። እሱ የሰውን ሥርዓት ለዶሮዬ አደረገላት። እናቱ ጆሮውን ሲመዘልጉት ዝም ያለው ለዚህ ነው። ያኔ ግን ይህ አልገባኝም፤ ጓል አንሥቼ ወረወርሁበት። ሮጦ አመለጠና ከሩቅ ምላሱን አወጣብኝ።

ከዚያ በኋላ ዶሮ መለየት አስተማረኝ። የትኛዋ በቀኝ እግሯ መጫር እንደምትጀምር፣ የትኛዋ ቆጥ ላይ ስትወጣ እንደምታመነታ፣ የትኛዋ እንቁላል ጥላ ሳትጮህ እንደምትሄድ። «ላባዋን አትዪ፤ የምታደርገውን እዪ» ይለኝ ነበር። በዚያ ሽንቁር አድገን፣ ተጋብተን፣ ወልደን፣ ደብረ ማርቆስ ገብተን ኖርን።

አንተነህን ከቀበርን በኋላ ታናሽ ወንድሙ አንድ ቀን ብቻዬን አስቀምጦ ነገረኝ። አንተነህ እንደማይድን ሐኪሙ የነገረው ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው። ወንድሙ፣ «ለሚስትህ ንገራት እንጂ» ቢለው፣ «የራሴን መርዶ እኔው እንዴት ልንገራት?» ብሎት ነበር። ጾሙን ሁሉ አብረን አስቀደስን፤ አብረን ፈሰክን። ዘንድሮ ድንቹን ቀደም አድርገን እንትከል ስለው፣ «እንትከል» ይለኛል።

ተናደድሁበት። አሁንም አልበረደልኝም። ባውቅ ኖሮ እሱ ዶሮዎቹን እንደሚያያቸው አየው ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ ውኃ ሲጠጣ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ዓይኑን ይጨፍን ነበር? ልጆቼን ብጠይቃቸው እነሱም አያውቁም። ደግሞም ያለፈውን ጾም ሳስበው፣ አንዲት ቀን እንኳ አላለቀስሁባትም። ያንን የሰጠኝ እሱ ነው። ሁለቱንም በአንድ ልብ መያዝ ከብዶኛል።

ዛሬ የቅንጭብ አጥር የለም፤ ጎረቤቴ በቆርቆሮ ታጥሯል። ከወዲያ በኩል የሚያረባቸው ዶሮዎች ከእርባታ የመጡ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚሻ የለም፣ ዕድሜያቸውም ለመታወቅ አይበቃም። መርዶም በስልክ ሆኗል። ልጄ አዲስ አበባ ላይ የአባቷን ሞት የሰማችው የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ነው፤ የላክናቸው ሰዎች ቤቷ ሳይደርሱ አንዱ ደውሎ «እግዜር ያጥናሽ» አላት። የምትይዘው ሰው አልነበራትም። ያንን ከሰማሁ በኋላ ነው የአንተነህ ዝምታ ትንሽ የገባኝ።

ከአገራችን ለሐኪም ቤትና ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ የሚመጡ፣ ገና ያልሰሙ ሰዎች አሉ። በሩን አንኳኩተው፣ «እንደምን ከረማችሁ፣ አያ አንተነህ የሉም ወይ?» ይላሉ። በር ላይ አልነግራቸውም። ግቡ እላለሁ፣ ውኃ አቀርባለሁ፣ ጎረቤቴን እጠራለሁ። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጬ እነግራቸዋለሁ።