ሄልሜት ወይስ ባንድ፦ ከሶስና ጋር ከአሶሳ አዲስ አበባ

የልጄ ጭንቅላት ከኋላ በስተቀኝ መጠፍጠፉን መጀመሪያ ያየሁት በየትኛው ቀን ነው? እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። የምሠራው አሶሳ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። አንድ መጽሐፍ መቼ ወጥቶ መቼ እንደተመለሰ ብጠየቅ ቀኑን ከነፊርማው አሳያለሁ። የሶስናን ግን የጻፍኩበት ቦታ የለም። አይቼ ዝም ያልኩባቸው ቀናት ስንት እንደሆኑም አላውቅም።

የጉዞዬ ምክንያት ይኸው ጠፍጣፋ ቦታ ነው። ሶስና ሰባት ወሯ ነው። የአሶሳው ሐኪም አገላብጦ ካያት በኋላ፣ “ልጅቷ ጤነኛ ናት፤ ግን ጠፍጣፋው ጎልቷል፣ ጆሮዋንም ወደ ፊት ገፍቶታል” ብሎ አዲስ አበባ ወዳለ የአካል ድጋፍ መሥሪያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። እዚያ የሕፃናትን የራስ ቅርጽ የሚያስተካክል ሄልሜትም ባንድም ይሠራሉ አለኝ።

“የትኛው ይሻላታል?” አልኩት።

“እሱን እዚያ ሆነሽ ትመርጫለሽ። ብቻ አትቆዪ፤ ራሷ ቶሎ ቶሎ የሚያድግበት ጊዜ ሳያልፍ።”

ረቡዕ ጠዋት፣ ከአሶሳ

አውቶቡሱ ሞልቶ የተነሳው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ግንቦት ስለሆነ በየወንበሩ ሥር የማንጎ ከረጢት ተሰግስጓል፤ መኪናው በታጠፈ ቁጥር አንድ ሁለት ማንጎ በመተላለፊያው ይንከባለላል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሐዋ የምትባል የበርታ ሴት ነበረች፣ ባምባሲ ለገበያ የምትሄድ። ገና ሳንተዋወቅ የሶስናን ጉንጭ ነካ አደረገች።

“ማሻአላህ! ልጅ ቆንጆ ነው። ስሙ ማነው?”

“ሶስና። ሴት ናት።”

“ሴት ነው? ማሻአላህ።” ኮፍያዋ ሲንሸራተት ግን አየችው። “ራሱ ለምን እንዲህ ሆነ?”

“በአተኛኘት ነው።”

“ማን አስተኛው?”

“አያቷ” አልኩ።

“ሐቦባ?” አለች፣ አያት በነሱ አጠራር። “ሐቦባ ስንት ልጅ አሳድጓል! እንዴት አላወቀም?”

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የተናገርኩት ውሸት ነው። እውነቱን እዚህ ላይ ልጻፈው፣ አለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባም።

አያቷ እማማ የሺ የባለቤቴ እናት ናቸው። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አጠገብ ቀሩ፤ ንግግራቸው ግን ዛሬም የወሎ ነው። ሶስና ስትወለድ አሶሳ ድረስ መጥተው እስከ ክርስትናዋ፣ ሰማንያውን ቀን ሙሉ አርሰውኛል። ልጅቷ ጠብታ በተኛች ቁጥር አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ያዞሯት ነበር። ሲሄዱ፣ “ዝም አለች ብለሽ አትተያት። እዘያት” አሉኝ።

የዲግሪዬ የመጨረሻ ፈተና የደረሰው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ሀ ሁን የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ፣ አንድ ፈተና ካመለጠኝ ሌላ የሚመጣ አይመስለኝም። ሶስና ፊቷን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግድግዳው አዙራ ስትተኛ ብዙ ትቆያለች። ስለዚህ ሁለት ነጠላ ጠቅልዬ፣ እንዳትዞር ግራና ቀኝ አስደገፍኳት። ሁለት ምዕራፍ እስክጨርስ ድምጿ አይሰማም ነበር። አንድ ቀን ሳጥባት መዳፌ ጠፍጣፋው ላይ አረፈ። “ከፈተናው በኋላ” ብዬ ነጠላዎቹን መልሼ አስደገፍኳቸው።

ፈተናውን አለፍኩ። ባለቤቴ ጉባ፣ ህዳሴ ግድብ ላይ በኤሌክትሪክ ሥራ ነው ያለው። ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ ልጁን አቀፈና፣ “ይሄ ምንድን ነው?” አለኝ። “እናትህ በጥቅል ጨርቅ አስደግፈው ያስተኟት ነበር” አልኩት። ሳላስብበት ወጣ ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ተዘጋጅቶ የቆየ መልስ ነበር። እሱም እዚያው ስልክ መታላቸው። እማማ የሺ አልተከራከሩም። “እንግዲህ እኔ እሆናለሁ” ነው ያሉት።

ባምባሲ

አውቶቡሱ ሲቆም እማማ የሺ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁን ነበር፤ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዘዋል። ወርጄ ፌስታሉን ስቀበላቸው እጃቸውን ወዲያው ኩታቸው ውስጥ መለሱት።

“ትንሽ ይያዟት እንጂ እማማ።”

“ይቅር ልጄ። የኔ እጅ አይሆናትም።”

“ኧረ እማማ!”

“እውነቴን እኮ ነው። ሰባት አሳድጌ በስምንተኛዋ እጄ ከፋ። ሂጅና አሳክሚልኝ፣ እኔ እዚህ ሁኜ እጸልያለሁ።”

ሐዋ ዕቃዋን አውርዳ ስታበቃ ቀርባ ጨበጠቻቸው። “ሐቦባ ይሄ ነው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። እሳቸውን አየች፣ ኩታው ውስጥ የተደበቀውን እጃቸውን አየች፣ ቀጥላ እኔን። ዕቃዋን አንስታ ሄደች።

እስከ ነቀምቴ

መንዲ፣ ነጆ፣ ጊምቢ። በየኬላው እየወረድን መታወቂያ አሳየን፣ ተፈተሽን፣ ተሳፈርን። አንዱ ፈታሽ የሐኪሙን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ካነበበ በኋላ፣ “እግዜር ይማራት፣ አንቺ አትውረጂ” ብሎ ቀሪዎቹን ብቻ አስወረደ። ምሳ ጊምቢ ሽሮ በላሁ። የደዴሳን ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ ከወለሉ ይነሳ ነበር። የሶስና ፀጉር በላብ ተጣበቀ፣ ኮፍያዋን ብደርብላት አሽቀንጥራ ጣለችው። ማስታወሻዬ ላይ “ሄልሜት? በዚህ ሙቀት?” ብዬ ጻፍኩ። ነቀምቴ አድረን በማግስቱ በባኮና በአምቦ አድርገን አዲስ አበባ ስንገባ ደግሞ ብርድና ዝናብ ተቀበለን። ያረፍነው የአክስቴ ልጅ ቤት ነው።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ባለሙያው ሙሉጌታ ይባላል፤ ጫማው በጄሶ የነጣ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። የሶስናን ራስ በጣቱ ዳሰሰ፣ መቆንጠጫ በሚመስል መለኪያ ከግራ ግንባር እስከ ቀኝ ማጅራት፣ ከዚያ ተገላቢጦሹን ለካ። ሁለቱን ቁጥሮች ከሱ እኩል ጻፍኩ።

“እህቴ፣ አንቺም ባለሙያ ነሽ እንዴ?”

“የቤተ መጻሕፍት።”

“ታዲያ እኔን መዝግበሽ መደርደሪያ ላይ ልታስቀምጪኝ ነው?” ብሎ ሳቀና ሁለት ናሙና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሄልሜቱ ራስን በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ ስፖንጅ። ባንዱ ዙሪያውን ብቻ ይይዛል፤ አናቱ ክፍት ነው።

“ሥራቸው አንድ ነው” አለኝ። “ሁለቱም ራሷን አይጫኑም። ያበጠውን ጎን ባለበት ይይዙና ለጠፍጣፋው ባዶ ቦታ ይተዋሉ። የሚሞላው የልጅቷ እድገት ነው። ሄልሜቱ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ግን ይሞቃል። ባንዱ ይቀላል፣ ግን ይንሸራተታል፤ በየጊዜው እያየ የሚያስተካክል ሰው ይፈልጋል። የቱም ቢሆን ከመታጠቢያዋ ሰዓት በቀር አይወልቅም። ልጅ ታዝያለሽ?”

“አዝላለሁ።”

“እስቲ እዘያት።”

ናሙና ሄልሜቱን አድርገንላት በነጠላ አዘልኳት። ጠንካራው ፕላስቲክ ትከሻዬን መታኝ፤ እሷም ጉንጯን ጀርባዬ ላይ ማስደገፍ አቅቷት አለቀሰች። በባንዱ ሞከርን። ትንሽ ቆረቆረኝ፣ ግን ጉንጯ ጀርባዬ ላይ አረፈ። ትንፋሿ በቀሚሴ ውስጥ ተሰማኝ።

“ባንዱ ይሁን” አልኩ።

“እንግዲያው አጠባበቋን እንነጋገር። ከውልደቷ ነው?”

“አይደለም። ከሦስት ወሯ ወዲህ፣ በጥቅል ጨርቅ ተደግፋ በአንድ ጎን ስለተኛች ነው።”

“ያኔ ማን ነበር የሚያስተኛት?”

እማማ የሺ ሦስት ወሯ ሳይሞላ አገራቸው ገብተዋል። ቀኖቹ እንደማይገጥሙ እዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። “አያቷ” አልኩ።

“ጥሩ፣ በስልክ አገናኚኝ፤ ላስረዳቸው።”

“ኔትወርክ የለም።”

“ታዲያ እጽፍላቸዋለሁ” አለና ወረቀት ሳበ።

በጄሶ የተነከረ ፋሻ ራሷ ላይ ጠቅልሎ ቅርጹን ወሰደ። እሷ ጮኸች፣ እኔ ቁጥሮቼን እያየሁ አልቀስኩ። ባንዱ እስኪሠራ ስምንት ቀን ጠበቅን። ተለክቶ፣ ጠርዙ ተሞርዶ ሲሰጠኝ ሙሉጌታ ወረቀቱንም አብሮ ሰጠኝ። “ለአያት” ይላል ከላይ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት።

ተመልሼ ባምባሲ

ቤቴ አሶሳ ነው፤ ትኬቱም የተቆረጠው እስከዚያ ነበር። ባምባሲ ላይ ወረድኩ። ሁለቱን ቀን ሙሉ ወረቀቱን ከመጽሐፌ ውስጥ እያወጣሁ አንብቤዋለሁ፤ ሳነበው ጠፍጣፋው በዝምታዬ እንደጎላ ሁሉ ባንዱም በዝምታዬ የሚንሸራተት መሰለኝ። ባንዱን ሰው ካልተከታተለው ይንሸራተታል ተብያለሁ። እኔ ሥራ ስገባ አሶሳ መጥተው ሊከታተሉት የሚችሉት እማማ የሺ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ልጅቷን መንካት ትተዋል። ከዚህ ጉዞ ይዤ የተመለስኩት ትምህርት ይህ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቁጥር ነው።

እማማ የሺ ደጃፋቸው ላይ ማሽላ ያበጥራሉ። ሲያዩን ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሱና እጃቸውን ኩታቸው ውስጥ ከተቱ።

“ኧረ ዘውድ ደፍታ መጥታለች!” አሉ ባንዱን አይተው። “ያ በእጅሽ ያለው ወረቀትስ?”

“ለእርስዎ የተጻፈ ነው።”

“ለኔ? ማን ያውቀኛል አዲስ አበባ? በይ አንብቢልኝ።”

የተጻፈን ቀይሬ አንብቤ አላውቅም። እንዳለ አነበብኩላቸው፦ “ለአያት። እማማ፣ ልጅቷን በጥቅል ጨርቅ አስደግፈው በአንድ ጎን ብቻ አያስተኟት። እያገላበጡ ያስተኟት፤ ነቅታ ሳለች በሆዷ ያድርጓት፤ ብዙ ጊዜ ይዘሏት።”

“ልክ ነው” አሉ ቀስ ብለው። “ልክ ነው፣ እኔ ነኝ።”

“አይደሉም” አልኩ። “እማማ፣ እኔ ነኝ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው። ሁለት ነጠላ ጠቅልዬ ወደ ግድግዳው አስተኛኋት፣ እንዳነብ። ጠፍጣፋውን አይቼም ነጠላዎቹን አላነሳሁም። ለልጅዎ የዋሸሁት እኔ ነኝ።”

እጃቸውን ከኩታው አወጡ፣ መዳፋቸውን አዩ፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

“እኔ እኮ” አሉ፣ “ሊጥ ስነካ እንኳ እየፈራሁ ነበር።”

ይቅርታ አድርገውልኝ እንደሆነ እስከ አሁን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

“መታጠቢያዋ ሰዓት መቼ ነው?” አሉ።

“አሁን ቢሆንም ይቻላል።”

“አውልቂላት እንግዲያ፣ እሳት ላይ ለብ ያለ ውሃ አለኝ። ታጥባ ስታበቃ ጉባ ለልጄ ትደውያለሽ፣ እኔ እየሰማሁ።” እጃቸውን ዘረጉ። “አምጫት።”

ባንዱን ፈታሁ። ሶስናን ተቀብለው በቀኝ መዳፋቸው ጭንቅላቷን ደገፉ፤ ጠፍጣፋው ቦታ ላይ፣ ልክ እዚያው ላይ።