ሲዘንብ በእግር

ፀሐይ ስትወጣ በመኪና፣ ዝናብ ሲመጣ በእግሩ የሚሄድ ሰው በፍኖተ ሰላም አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እጅጉ ነው። ጤነኛ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን መሆኑን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ አህያ እንኳ ሲዘንብ ጥግ ትይዛለች። እጅጉ ግን ሰማዩ ጠርቶ አቧራው ሲጨስ የልጁን አሮጌ ዲኤክስ አስነስቶ ሁለቱን የልጅ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ደመናው ወርዶ ጎርፉ ኮብልስቶኑ ላይ ሲጋልብ ደግሞ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ያቆማታል፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ቂርቆስን በቀኝ ያምሮትን በግራ ይዞ፣ ጭቃውን እያቦካ ይወርዳል።

ሰፊው የሰፈር ሕዝብ ይህን አይቶ ዝም ሊል አይችልም፤ ሌላ ሥራ የለውማ። ወዲያው በሦስት አንጃ ተከፈለ። የመጀመሪያውን የምትመራው እማዋይሽ ናት፤ ከሱቋ በር ላይ ዱካ አኑራ፣ እሱ ላይ ተቀምጣ፣ ከጧት እስከ ማታ አላፊ አግዳሚውን ስትገመግም የምትውል ሴት። የእሷ አቋም «መተት ነው» የሚል ነበር፤ «መኪናዋ ውኃ ሲነካት እንድትገለበጥ ተደርጎባታል፤ እሱም ያውቃል» ትላለች፣ ስኳር እየመዘነች። ሁለተኛው አንጃ «ንፉግ ነው፤ ቀለሟ እንዳይለቅ ነው» አለ፤ ቀለም የሚባል ነገር ከተሰናበታት ዐሥር ዓመት ያለፋትን መኪና! ሦስተኛው የባጃጅ ሹፌሮች አንጃ ነው፤ አፈ ቀላጤው ገነነ። ገነነ እጅጉን ባገኘው ቁጥር ፍሬን ይይዝና አንገቱን ያወጣል፦

«ጋሼ እጅጉ፣ ዛሬ ፀሐይ ናት፤ ከመኪናዋ ጋር ታረቃችሁ?»

«ታርቀናል።»

«ሽማግሌው ማን ነበር?»

«አባትህ ነበሩ፤ የማይሆን ልጅ ወልደው ሥራ ስለ ፈቱ» ይለዋል እጅጉ፣ ሳይቆም።

ሦስቱንም ወሬ ሰምቷል። ሦስቱንም ወዷቸዋል። እውነቱ ከሦስቱም የባሰ ነበርና፤ ዓይኑ አያይም።

ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። በኤንትሬ ጀምሮ በተሳቢ ጨረሰ። ከቡሬ በርበሬ ጭኖ ወጥቷል፤ ማዳበሪያ ጭኖ ተመልሷል፤ የዓባይ በረሃን ጥምዝምዝ በጭጋግ፣ ረዳቱ ከጎኑ ዳዊት እየደገመ፣ ወርዶ ወጥቷል። «በሠላሳ አንድ ዓመት ዶሮ አልገጨሁም» ማለት ይወዳል። ዶሮዎቹ አልተጠየቁም እንጂ ሰው እንዳልገጨ እውነት ነው። ጡረታ ወጣ፤ ሚስቱ ሞተችበት፤ ነርስ የሆነችው ልጁ ሰብለ ወደ ቤቷ አመጣችው። ባሏ ሽንዲ ከተማ አስተማሪ ስለሆነ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ልጆቹን ማመላለስ የእጅጉ ድርሻ ሆነ። «የእኔ ልጆች ሹፌር እኮ በበረሃ የተፈተነ ነው» እያለች ሰብለ በሆስፒታሉ ኮሪደር ትመጻደቅ ነበር። እሱም ይህን ሲሰማ፣ አልሰማሁም ባይ መስሎ፣ ጢሙን ይጠርግ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በብዙኃን ማርያም ዕለት ነው። መስከረም ሊያልቅ ነው ተብሎ ክረምቱ የቀረውን ውኃ ሁሉ እየደፋ ነበር። ሁለቱ ልጆች ከኋላ በአንድ እስክርቢቶ ይጣላሉ። በቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርስ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ነጭ ነገር አየ። ከጭነት የወደቀ የስሚንቶ ከረጢት መሰለው፤ ከረጢት ደግሞ ጎማ አይጎዳም፣ ሄደበት። ሦስት ክንድ ሲቀረው ከረጢቱ ቀና አለ። እጅጉ መሪውን ነጠቀው፤ የፊት ጎማው ቦይ ውስጥ ገባ፤ ሞተሩ ጠፋ። ሲሰግዱ የነበሩ ባልቴት ነበሩ። ተነሥተው ነጠላቸውን አራገፉና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ፦

«ዕድሜ ይስጥህ ልጄ። ስግደቴን እስክጨርስ ቆምህልኝ። የዛሬ ዘመን ሹፌር መቼ እንዲህ ያደርጋል!»

መርቀውት ሄዱ። የሚገርም ምርቃት ነው፤ ሊገድል ሲል የተመረቀ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሞተሩን አስነሥቶ ጎማውን ከቦዩ ለማውጣት ብዙ ታገለ። ልጆቹ እስክርቢቶውን ሲሰብሩ ስለነበር ምንም አላዩም።

ከዚያ ወዲያ ገባው። ብርሃን ሲኖር መንገዱም ሰዉም ቢደበዝዝም ይታየዋል፤ ደመና ሲሆን ግን መስታወቱ ወተት የተደፋበት ይመስላል። ሰው የሆነ ሰው ይህን ያውቅና ለልጁ ይነግራል፤ ከልጁ የሚደበቀው ነገር ቢኖር እንኳ ከነርስ ዓይን የሚደበቅ ዓይን ምን ይባላል? እጅጉ ግን አሰበ፤ መሪውን የለቀቀ ሹፌር ምንድን ነው? ጥግ ይዞ ምሳ የሚጠብቅ ሽማግሌ። ስለዚህ ግለ ሂሱን ትቶ ወላዋይ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ፈላስፋ ሆነ።

«መኪና ፈሪ ያሳድጋል» አለ በማግሥቱ፣ ዝናቡ ሲጀምር። «ዝናብ ያለመደ ልጅ ኑሮን አይችልም። እግር ያወቀውን መንገድ ማንም አይቀማም።»

«አባዬ፣ እርስዎ ሠላሳ ዓመት በመኪና ኖረው?» አለች ሰብለ።

«ለዚያ ነዋ የማውቀው» አላት።

ሰብለ ሳቀች፤ የሽማግሌ አመል ብላ ተወችው። ቂርቆስ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጭቃ ውስጥ የሚያስገባውን ፍልስፍና ሁሉ ይቀበላል። ችግሩ ያምሮት ነበረች። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል፤ እና አመነችው። ልጅ ካመነ ደግሞ እንደ አዋቂ ለአፉ አያምንም። የክፍሏ ልጆች «መኪና አላቸው፣ ጎማ የላቸውም» እያሉ ሲያላግጡባት አንዱን ጭቃ ላይ አስተኛችው። የአማርኛ መምህሯ «ከሰው የተማራችሁትን ጻፉ» ሲሏቸው ስለ አያቷ ጻፈች፤ ሰኞ ጧት ከሰንደቅ ዓላማው ፊት ቆማ «አያቴ በረሃ ያቋረጠ ሹፌር ነው፤ ሲዘንብ ግን ከእኛ ጋር ይረጥባል፣ ምክንያቱም እውነትን ይወዳል» ብላ አነበበች። ማታ ለእጅጉም አነበበችለት። የዚያን ቀን እራት አልወረደለትም።

ሰኔ ገባ፤ የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም መጣ። ያምሮት የምትፈተነው በራሷ ትምህርት ቤት ሳይሆን ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ከመናኸሪያው ማዶ ባለው ነው። በመኪና ዐሥር ደቂቃ፣ በእግር አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። በሩ የሚዘጋው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ዝናቡ ከንጋት በፊት ጀምሮ ሲጠብቃቸው አደረ።

ሰብለ ወደ ሥራ ስትወጣ ቂርቆስን እማዋይሽ ጋ አስቀመጠችና የመኪናዋን ቁልፍ አባቷ መዳፍ ላይ ጫነች።

«አባዬ፣ ዛሬ ያን ፍልስፍና ቤት ያስቀምጡልኝ። ይህች ልጅ በስብሳ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ መልስ ማጥቆር አትችልም። እሺ ይበሉኝ።»

«እሺ» አለ።

እሺ በዚህ አገር የነገር መቅበሪያ ጉድጓድ ነው። ግን ዛሬ አልቀበረም፤ ሊሞክር ነበር። የፈተና መግቢያ ካርዷን በፌስታል ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተ። ሞተሩን አስነሣ። ያምሮት ከጎኑ ተቀመጠች። ከግቢው ወጡ፤ ሃያ ሜትር ያህል ሄዱ። መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ወዲያም ወተት ነው፣ ወዲህም ወተት ነው። ከፊቱ አንድ ነጭ ነገር ታየው። ፍሬን ያዘ። ወርዶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ እስኪነካው ሄደ። የማዳበሪያ ከረጢት ነበር፤ የእውነት ከረጢት። ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ።

«ውረጂ» አላት።

«ዛሬም?»

«ዛሬም።»

ያምሮት ዝናቡን አየች፤ እሱን አየች። ከዚያ የሹራቧን ኮፍያ አጠበቀችና በሩን ከፈተች። «ደግ። መኪና ፈሪ ያሳድጋል» አለች። አላፌዘችም። ከልቧ ነው።

ብታፌዝበት፣ ብታለቅስ፣ ብትረግመው ይችለው ነበር። ይህን አልቻለም።

«ውሸት ነው» አለ እጅጉ።

«ምኑ?»

«ሁሉም። ዓይኔ አያይልኝም። ሲዘንብ ጭራሽ አያይልኝም። ለዚያ ነው በእግር የማስኬዳችሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም።»

«ከመስከረም!» ድምፅዋ ቀጠነ። «እኔ ለእርስዎ ብዬ ተደባደብሁ። በሰንደቅ ዓላማ ፊት አነበብሁ። እውነት ይወዳል ብዬ አነበብሁ!»

በሩን አላጋጨችውም፤ ቢጋጭ ይሻል ነበር። ፊቷን አዙራ ሄደች፤ በአራተኛው እርምጃ ዝናቡ ዋጣት። እጅጉ ደረቱን ሲዳስስ ፌስታሉ እዚያው ነው። ካርዱን ረስታዋለች።

«ያምሮት!» ብሎ ጮኸ። ጎርፉ መለሰለት።

በአጥር በአጥሩ እየዳበሰ ወረደ። ሁለቴ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቦይ ውስጥ ገባ። ተፈታኝ የጫኑ ባጃጆች ውኃ እየረጩበት ያልፋሉ፤ አንድም አይቆም። በመጨረሻ አንዱ ቆመ፤ ደግ ሹፌር ሆኖ ሳይሆን ገነነ ሆኖ ነው። ከኋላ ሦስት፣ ከጎኑ አንድ ተፈታኝ ጭኗል።

«ጋሼ እጅጉ! ለፈተና ቀን እንኳ እግር? ልጂቱንስ የት ጣሏት?»

«ወደ ፊት ናት። ካርዷ እኔ ጋ ቀርቷል። ድረስባትና ጫንልኝ።»

«መኪናዎት ምን ሆነች? አኩርፋለች?» ልጆቹ ሳቁ። «ትራፊክ ዛሬ በየመታጠፊያው ነው። መኪና ላለው ሰው ብዬ ትርፍ ልጫን? እርስዎ ለፍልስፍናዎ፣ እኔ ለቅጣቴ!»

ማርሽ አስገባ። እጅጉ የባጃጁን ብረት ጨብጦ ያዘ። ለዚህ አፍ የተነገረ ነገር እስከ ምሳ ቡሬ እንደሚደርስ ያውቃል።

«አላይም፣ ገነነ» አለ። «ዓይኔ ጠፍቷል። መንዳት አልችልም። ልጂቱም ከፊቴ ትሁን ከኋላዬ አላውቅም። የምታይ አንተ ነህ፤ ድረስባት።»

ልጆቹ ሳቃቸውን አቆሙ። ገነነ ማርሹን መልሶ አወጣ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ፌስታሉን ተቀብሎ ሸሚዙ ውስጥ አስገባ።

«እርስዎስ፣ ጋሼ?»

«እኔ እመጣለሁ። ንዳ!»

እጅጉ ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ፣ በሩ ተዘግቶ ነበር። ወሬው በባጃጅ ስለሄደ ቀድሞታል። ከአጥሩ ሥር የቆሙት ወላጆች ከሩቅ አዩትና ሥራ አገኙ። ሦስቱም አንጃዎች፣ ያለ አንዳች ሂስ፣ «እኔ እኮ ብዬ ነበር» በሚል የጋራ መስመር ተዋሕደው ጠበቁት። ለጭቃው አንድ ድንጋይ ያላነሣ ሕዝብ ለመድኃኒት ግን ተረባረበ። አንዱ ጸበል አለው። አንዷ ካሮት አለችው። አንዱ አጎቱ የዓይን ሞራ ተገፎለት አሁን በጎረቤት ውሻ ላይ ቁንጫ እንደሚቆጥር በማርያም ስም ማለ። እጅጉ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጂቱ ገባች?»

«ገባች። ዘበኛው በሩን ሊገጥም ሲል ነው፤ ገነነ ጡሩንባ እየነፋ አስገባት።»

ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። ውኃው ከሱሪው ላይ እስኪደርቅ ድረስ ተቀመጠ። የሚገርመው፣ የፈራው ነገር ሁሉ ደርሶበት ሳለ ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ያለ ዕረፍት አግኝቶ አያውቅም።

ያምሮት ስድስት ሰዓት ላይ ወጣች። ቆማ አየችው፤ መጣች። ሰላም አላለችውም።

«ፈተናው?»

«ደኅና ነው።»

ጎን ለጎን መውረድ ጀመሩ፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ትታለች። ብዙ ከሄዱ በኋላ፦

«ለእማዬ ማን ነው የሚነግራት?»

«እኔ። አሁን፤ ሆስፒታሉ በር ሄጄ።»

«ሌላ ፍልስፍና እንዳይነግሯት።»

«አልነግራትም።»

«ቁልፉንም ይስጧት።»

«እሰጣታለሁ።»

ደመናው እንደገና እየከበደ ነበር። መንገዱ ለእጅጉ ግራጫ ጨርቅ ሆኗል።

«ቦይ!» አለች ያምሮት በድንገት።

እጅጉ እግሩን እስከ ወገቡ አንሥቶ ዘለለ። ያረፈው ለጥ ያለ ኮብልስቶን ላይ ነው። ያምሮት አጥር ይዛ ሳቀች፤ አንድ በቆሎ ጠባሽ ሴት እስክትዞር ድረስ ሳቀች።

«የት አለ ቦዩ?»

«የለም።»

«አንቺ ጉድ!»

ጥቂት ሄዱ።

«ቦይ» አለች ደግሞ፣ አሁን ቀስ ብላ።

እጅጉ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቆመ። ፊቷን ሊያነብ ሞከረ፤ ፊቷ ለእሱ አንድ ደብዛዛ ክብ ነው። ያለው መንገድ ማመን ብቻ ነበር።

ዘለለ። የቦዩ ውኃ ከኋላው ሲያልፍ ሰማ።