ቁም ሳጥን ላይ የታሰረው ቱቦ

ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን የሥራ ባልደረቦቹ ቱንቢ ይሉታል። ቱንቢ ከኪሱ ስለማይጠፋ ነው ስሙን ያወጡለት፤ ክር ጫፍ ላይ የምትንጠለጠለውን ያቺን ብረት ያላወረደበት ግድግዳ የለም። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ እንኳ የተሰቀለ ፎቶ ዘመም ካለበት ጨዋታው አይገባውም፣ የቀረበለት አይወርድለትም። ሚስቱ በዚህ የተነሣ ስንት ቦታ አፍራለች። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። በሽታው የዘመመን ነገር ቀና ነው ማለት አለመቻሉ ብቻ ነው፤ ይሄ ደግሞ በሰው መሀል ሲኖሩ ቀላል በሽታ አይደለም።

የሚስቱ ታላቅ ወንድም የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው። እህቱ ቱንቢን ስታገባ አኮረፈ፤ ልጆች ተወልደውም ኩርፊያው አልወጣለትም። ቤታቸውን አይረግጥም። መንገድ ላይ ካገኛት "ያ የቱቦው ሰውዬ ደህና ነው?" ይልና ያልፋል። እሷ ግን ትወደዋለች፤ አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። እናም አዲስ ለሚከፍተው ትልቅ መሸጫ መብራቱን ቱንቢ ይሥራልኝ ብሎ የላከባት ዕለት የምትሆነውን አጣች። ባሏን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ለመነችው።

"የሚልህን ሁሉ እሺ በለው። ለዚህች አንዲት ሥራ ብቻ። በሞቴ፣ ከወንድሜ አታጣላኝ።"

እሺ አላት። ምን ይበል?

አዳራሹ ድሮ መጋዘን ነበር። ጣሪያውን ለማየት አንገት እስኪያም ቀና ማለት ነው፤ መሀሉ ላይ ደግሞ ለመድኃኒት እንኳ አንድ ምሰሶ የለም። ጋሼን (ቱንቢ የሚስቱን ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነው) የሒሳብ መቀበያ ጠረጴዛዎ የት ይሁን ቢለው፣ ሄዶ ትክክል መሀሉ ላይ ቆመ። ከዚያ ሆኖ አራቱንም ማዕዘን ሊያይ ነው። ኤሌክትሪኩ ታዲያ እዚያ ድረስ በየት በኩል ይምጣ? በወለሉ እንዳይመጣ ሴራሚኩ ገና መነጠፉ ነው፤ አንዷን የነካ ወየውለት ተብሏል። የቀረው ሽቦውን ይዞ ከጣሪያ ቁልቁል የሚወርድ ቱቦ ነው።

ቱንቢ እንዲህ ያለ ረጅም ቱቦ ጎኑን የሚይዝለት ካላገኘ እንደማይቆም አስረዳ። ከወለል እስከ ጣሪያ ቱቦላሬ ብረት እናቁም፣ ላይና ታቹን በቡሎን እንሰር፣ ከዚያ ቱቦውን በየክንዱ ርቀት በክላምፕ አቅፈን እንያዘው አለ። ጋሼ ፊቱን አጨማደደ። መሀል አዳራሽ የተገተረ ብረት እስር ቤት ያስመስልብኛል፣ ደንበኛ ያሸሽብኛል አለ። ቱንቢ ሊመልስ አፉን ሲከፍት የሚስቱ ልመና ትዝ አለውና እሺ አለ። ቱቦውንም ያለ አንዳች ድጋፍ አወረደው።

በሩ በተከፈተ ቁጥር ቱቦው ይወዛወዛል። ከመብራት መሥሪያ ቤት የመጣው ተቆጣጣሪ በአንድ ጣቱ ገፋ ቢያደርገው እስከ ጣሪያው ድረስ ተርገፈገፈ። ይሄን የሚይዝ ነገር ካላቆማችሁ የመብራቱን መስመር አልለቅም ብሎ ሄደ። ጋሼ አሁንም ብረት የሚባል ነገር አልሰማም አለ። ቱንቢ በንዴት፣ "እንግዲያውስ ቁም ሳጥኖችዎን ይደራርቡልኝና እነሱ ላይ ልሰረው!" አለው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጋሼ ብድግ ብሎ ግንባሩን ሳመው። ስንት ዘመን ፊቱን ሲያዞርበት የኖረ ሰው ሲስመው፣ ኧረ ቀልዴን ነው እንዴት ይበል? እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር?

ተሸካሚዎች ተጠርተው ቁም ሳጥን በቁም ሳጥን ላይ ተጫነ፤ የመጨረሻው ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ቱንቢ ቱቦውን በየጀርባቸው በክላምፕ አሰረ። ሲጨርስ ቱንቢውን አወረደበት። የቁም ሳጥኖቹ ግንብ ወደ ግራ ዘምሟል። ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ወሸቀለትና ዘወር ብሎ ሄደ፤ በራሱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

በዚያው ሳምንት ጋሼ እህቱ ቤት መጣ። ልጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ቱንቢን "አማቻችን" አለው። ሚስቲቱ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ባሏ ሰማት። ስለ ካርቶኑ ሊነግራት አስቦ ነበር፤ ተወው።

መሸጫው መብራት ሳይጠብቅ በቀን ብርሃን ሥራ ጀመረ። ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ መጡና አዳራሹን ሙሉ ዞረው፣ ከሥር ያለውን ቁም ሳጥን ካልሆነ ሌላ አልፈልግም አሉ። ጋሼ ደግሞ ደንበኛ ባዶ እጁን ሸኝቶ አያውቅም። ሸጠላቸው። ማውጣት ግን አይቻልም፤ ግንቡ ይናዳል። ሴትየዋ ትንሽ አሰቡና፣ "እንግዲያው እኔ ልብሴን አመጣለሁ" አሉ። አመጡም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ሁለቱን በሮች እንደ መጋረጃ ከፍተው ከኋላቸው ልብስ ይቀይራሉ፤ ቆልፈው ደህና ዋሉ ብለው ይወጣሉ። ይሄን ያየ አንድ ጎረምሳ ሁለተኛውን ገዛ። ከላይ ያሉትም ተሸጡ። ሰው ሱሪውን ፍለጋ መሰላል ይወጣ ጀመር። ጋሼ ማጓጓዣ የማያስወጣ ንግድ አገኘሁ ብሎ ዓለሙን ያያል። በር ድርግም በተደረገ ቁጥር ግን ግንቡ ትንሽ ትንሽ ይዘምማል፤ ይህንን የሚያየው ቱንቢ ብቻ ነው፣ እንቅልፍም አጥቷል።

መስመሩ የሚለቀቅበት ቀን ጋሼ ዘመድ ጠራ። ሚስቲቱ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ተቆጣጣሪው ገባና ግንቡን ዞረው፤ ከታች በኩል "ትንሽ ይታገሡ፣ እየለበስኩ ነው" የሚል ድምፅ ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። ሴትየዋ ጨርሰው ሲወጡ፣ ቱቦውን ማን እንዳሰረው ጠየቀ። ሁሉም ወደ ቱንቢ ዞሩ።

"ቃልዎን ይዤ ነው የምፈርመው" አለው። "ይይዛል?"

ጋሼ "ንገረው እንጂ፣ አማቻችን" አለ። ሚስቲቱ መሬት መሬት ታያለች። ቱንቢ አዎ ለማለት ከልቡ ሞከረ። ጋሼ ልጆቹን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሰው ነው፤ አይይዝም ካለ ይሄ ሁሉ ተመልሶ እንደማይገኝ ያውቃል። ግን ሴትየዋ እዚያው ከግንቡ ሥር ቆመው ቁልፋቸውን ቦርሳ ውስጥ ይፈልጋሉ።

"አይይዝም" አለ። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሰው ይገድላል። እኔው ነኝ ያሰርኩት፣ እኔው ልፍታው።"

ጋሼ እሱን አላየውም። ወደ እህቱ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በዘመድ ፊት አዋረደኝ። ይውጣልኝ፤ አብረሽው ከወጣሽ ደግሞ አትመለሺ" አላት።

ተቆጣጣሪው ሴትየዋን ክንዳቸውን ይዞ ከግንቡ አራቃቸው። ቱንቢ ሚስቱን ቀና ብሎ ለማየት ፈራ፤ በሕይወቱ እንዲህ የፈራበት ቀን የለም። መፍቻውን አወጣና መሰላሉን ወደ ቱቦው አስጠጋ። መሰላሉ አዲሱ ሴራሚክ ላይ ሸርተት አለ።

የጫማ ኮቴ ሰማ። ሚስቱ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣል አድርጋ፣ የነጭ ቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ፣ የመሰላሉን ግራና ቀኝ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች።

"ውጣ" አለችው። "ይዤልሃለሁ።"

ወጣ። ከላይኛው ክላምፕ ጀምሮ ይፈታ ጀመር። ወንድሟ ከኋላዋ ስሟን ጠራ፣ ደግሞ ጠራ፤ እሷ ግን ዓይኗን ከባሏ እግር ላይ አላነሣችም።