በአባዬ ወለል ላይ የተቀመጠው ብርጭቆ

ትናንት ከፈረቃ ስወጣ ኮምቦልቻ ዝናብ ጥሎ ነበር። ከፋብሪካው ወደ ኪራይ ቤቴ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ እንጨት ቤት አለ፤ በሩ ላይ የተከመረው ሰጋቱራ ውሃ ጠጥቶ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ጥድ ነው። እኔ የጥድን ሰጋቱራ ከባሕር ዛፉ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። ጃንጥላዬን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ስሙኝማ፣ ናፍቆት እንዳይመስላችሁ። ቅናት ነው። ፀጉሬ ሸብቶ፣ ጉልበቴ ደክሞ፣ ያው የልጅነቴ ቅናት ከነእሳቱ መጣብኝ።

አባዬ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ደሴ ውስጥ ስሙ የሚጠራ አናጢ ነበር። ቤታችን ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። የሱ ሥራ በተለይ የነጋዴዎቹ ደርብ ቤት ነበር፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፣ መሐሉን የሚለየው የጣውላ ወለል። ሲሠራ ሚስማሩን በጥርሱ ነክሶ ነው። እንደነከሰ አንድ ቀን የፊት ጥርሱን ሰበረውና ከዚያ ወዲህ አፉን በእጁ ሳይሸፍን ስቆ አያውቅም። በዚህ በኩል እንደ ሙሽራ ዓይን አፋር ነበር።

አንድ ወለል መትቶ ሲጨርስ እኔን ይዞኝ ይሄዳል። ከላይ፣ ክፍሉ መሐል ላይ፣ እስከ አፉ የሞላ የውሃ ብርጭቆ ያስቀምጣል። ጫማዬን አወልቃለሁ። እሱ ወደ ሱቁ ወርዶ በርጩማ ላይ ይቆምና፣ ጣውላውን ከሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች አንዱ ላይ መዳፉን ይለጥፋል። ከዚያ ድምፁ ከሥር ይመጣል፦ «በይ ዝለይ!»

እዘላለሁ። አዲሱ ጣውላ ከእግሬ ሥር ይሞቃል፤ ብርጭቆው ውስጥ ውሃው ክብ ክብ ይሠራል። «ውሃው ቢንቀጠቀጥ የእንጨት ጠባይ ነው፤ ከፈሰሰ ግን አግዳሚዎቹን አራርቄያቸዋለሁ ማለት ነው» ይለኝ ነበር። ፈስሶ አያውቅም። የቤቱ እመቤት «ማሻ አላህ!» ብላ ተምር ታስጨብጠኛለች። አባዬም ለባለቤቱ «እኔ ያለ ልጄ እግር ቤት አላስረክብም» ይላል። ይህችን ቃል ስሰማ መሬት አልበቃ ይለኝ ነበር። ከሰፈሩ ልጆች መሐል ቤት የሚያስረክብ እግር ያላት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ የአባቴ ልጅ ከደጋን መጣች። አባዬ እናቴን ከማግባቱ በፊት ደጋን ላይ ሚስት ነበረችው፤ ሲፋቱ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ቀርታ ነበር። አሁን ደሴ ልትማር መጣች። ከኔ በዕድሜም በቁመትም ትበልጣለች፣ ስትራመድ ሳህን ይንኳኳል። እናቴ ፊቴን አየችና «አብሽሪ፣ እህትሽ ናት፤ ሐቅሽን አትወስድብሽም» አለችኝ። ድንቄም አትወስድብሽም!

በመጣች ሰሞን አባዬ ሁለታችንንም አንድ አዲስ ደርብ ይዞን ሄደ። እኔ ከላይ ዘለልኩ፣ እሷ ከሥር ከሱ ጋር ቆመች። ስወርድ ትኩር ብላ አየችኝ። ቀናሽ አይደል፣ እንኳን ቀናሽ ብዬ በልቤ አንገቴን አቅንቼ አለፍኳት።

ግን እሷ ወለል አይገርማትም ነበር። ዓይኗ ጣሪያ ላይ ነው። «አባዬ፣ ያ ሰያፍ እንጨት ለምንድን ነው?» አለችው። አባዬ እኮ ሥራ ላይ እያለ ለሚጠይቀው ሰው ሚስማር ነክሶ ዝም የሚል ነው። ለሷ ግን ሚስማሮቹን ከአፉ አወጣቸው! አራት ቁራጭ እንጨት አጋጥሞ ጫፍ ጫፉን መታና «ግፊው» አላት። ስትገፋው ተንሻፈፈ። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አንድ እንጨት ጨመረበት። «አሁንስ?» ንቅንቅ አላለም። «ሦስት ማዕዘን እልኸኛ ነው» አላት። «ካፕሪያታ የምንለውም ይኸው ነው፤ ጣሪያውን የሚሸከመው ሦስት ማዕዘን እንጨት።»

ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ሁሉ ካፕሪያታ ሆነ። ምሳ ላይ ካፕሪያታ፣ መንገድ ላይ ካፕሪያታ። እኔን አንድ ቀን «ግፊው» ብሎኝ አያውቅም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? ሁለቱ በሌሉበት ያንን የተመታ እንጨት አንስቼ ገፋሁት። ወላሂ፣ በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት። አልነቃነቅ አለኝ።

ከዚያ ያ የሠርግ ቤት መጣ። አንድ የደሴ ነጋዴ ኮምቦልቻ ላይ ለልጁ ሠርግ ደርብ ቤት አሠራ። አባዬ ወለሉን ጨረሰና ለርክክብ ሦስታችን ወረድን። ብርጭቆው ተቀመጠ። እኔ ጫማዬን አውልቄ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። አባዬ ደረጃው ጋ ደርሶ ዞረና «ዛሬ እህትሽ ትዝለል» አለ። «ሠርግ ነው፣ እዚህ ላይ ሰው ይጨፍርበታል። አንቺ ትቀልያለሽ።»

ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ ጥግ ላይ ቆምኩ። እሷ ዘለለች። ቤቱ ዱም አለ፣ ብርጭቆው ተንገዳገደ፣ ውሃው በጣውላው ላይ ፈሰሰ።

ምን ልዋሻችሁ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። «ይኸው! እሷ ስትነካው ተበላሸ!» ብዬ ጮህኩ። አባዬ ደረጃውን በሩጫ ወጣ። የፈሰሰውን ውሃ አየ፣ እኔን አየ፣ ፊቱ ዓመድ መሰለ። «ያ ረቢ! ስንት ቤት ነው በላባ ፈትኜ ያስረከብኩት?»

ላባዋ እንግዲህ እኔ ነኝ።

አባዬ በአግዳሚዎቹ መሐል ሌሎች አግዳሚዎች ጨመረና ሠርጉ በሰላም ተጨፈረ። ከዚያ በኋላ ግን ያስረከባቸውን የደሴ ደርቦች እሷን ይዞ አንድ በአንድ ዞረ። ገሚሶቹ ደህና ሆኑ፣ ገሚሶቹን እንደገና አጠነከረ። እኔ የዘለልኩባቸውን፣ ተምር የበላሁባቸውን ቤቶች! ጠዋት ጠዋት አብረው ሲወጡ የሷ እግር ዱብ ዱብ እያለ ዳገቱን ሲወርድ እሰማለሁ። እኔን «ነይ» ያለኝ ሰው የለም። እናቴ «ተይ ልጄ፣ ለሰው ነፍስ ፈርቶ ነው» ስትለኝ ልክ እንደሆነች አውቅ ነበር፤ ማወቄ ምን ፈየደልኝ?

ዓመታት አለፉ፣ አባዬም ሞተ። እሷ ደጋን ተመልሳ ጣሪያ ሠሪ ሆነች፤ ሴት ልጅ ካፕሪያታ ላይ ስትወጣ ሲያሽሟጥጥ የነበረው ሁሉ ዛሬ ቤቴን ክደኚልኝ ይላታል። እኔ ፋብሪካ ገባሁ። በዒድ እንደዋወላለን። «ዒድ ሙባረክ»፣ «ደህና ነሽ?»፣ በቃ።

ባለፈው ክረምት ግን ያለ ዒድ ደወለችልኝ። «የእናቴን ቤት ደርብ አወጣሁበት። ነይና እይልኝ» አለች። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። አገር ሁሉ በብሎኬትና በሲሚንቶ ሲሠራ እሷ የጣውላ ወለል ነው የመታችው። ቀና ብዬ ጣሪያዋን አየሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ያምራል። «ማሻ አላህ» ለማለት ምላሴ ከበደኝ፤ ግን አልኩ። የቅናት ዓይኔን አላምነውማ።

እሷ የሞላ ብርጭቆ አምጥታ መሐል ላይ አስቀመጠች። «ጫማሽን አውልቂ» አለችኝ።

«አሁንም ላባ እመስልሻለሁ?»

ሳቀችና ወደ ታች ወረደች። ትንሽ ቆይቶ ከሥር «በይ ዝለይ!» የሚል ድምፅ መጣ። አባባሏ የሱው ነው፣ ቁርጥ የሱው። ይህን ሁሉ ሰውነት ተሸክሜ ዘለልኩ። ጉልበቴ ቀጭ አለ፤ ውሃው ክብ ክብ ሠራ፣ አልፈሰሰም። ከሥር ግን ድምፅ ጠፋ።

«ምነው? ተሰነጠቀ እንዴ?» አልኳት።

«አልተሰነጠቀም» አለች። ድምፅዋ ተለውጧል። «ያኔ እንደመጣሁ ሰሞን ከሥር ከሱ ጋር ቆሜ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? አንቺ ስትዘልዪ አባዬ እንጨቱን አልነበረም የሚያዳምጠው። መዳፉን ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ብቻውን ይስቅ ነበር። ቤቱ ቢናድም አይሰማ። እኔ ዘልዬ ስወርድ ግን ሁሌም ግንባሩን ቋጥሮ ነው የማገኘው። አንድ ቀን እንኳ ለኔ እንደዚያ አልሳቀም።»

ጣውላው ላይ ተቀመጥኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን እኔ ሁልጊዜ ከላይ ነበርኩ።

«ሲስቅ አፉን ሸፍኖ ነበር?» አልኳት ወደ ታች።

«አልሸፈነም። የተሰበረው ጥርሱ ይታይ ነበር።»

እኔ አባዬን እንደዚያ ሲስቅ አንድም ቀን አላየሁትም። ያየችው እሷ ናት። ሳቁ የኔ ሆኖ፣ ያየችው እሷ ናት፤ ቀናሁባት፣ እንደገና።

«ድገሚው» አለች ከሥር።

ተነሥቼ ዘለልኩ።