«ች» የተፋቀባት ለቃሚ

የአራሚዋ ዓይን ስቶ አያውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያው ማተሚያ ቤት፣ ጥግ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ የሌላ ሰው ስህተት ስትለቅም ኖራለች። አሁን ጠረጴዛዋ ላይ ያለው የራሱ የማተሚያ ቤቱ የሃምሳኛ ዓመት መጽሐፍ ነው። እሷ «ይታተም» ብላ ካልፈረመችበት አይታተምም።

ምዕራፍ ሦስት ላይ፣ የእርሳስ ፊደሎቹን ሳጥን በአዲስ መልክ ደርድሮ ለቃሚዎች ፊደል እየለቀሙ ቃል የሚገጥሙበትን ሥራ በእጥፍ ያፋጠነው የመጀመሪያው አለቃ ነው ይላል። ለማመሳከር የድሮውን የዕለት መዝገብ ገለጠች። «ሳጥኑን በአዲስ መልክ ደረደረ» ይላል፤ ስም የለውም። ከ«ረ» ቀጥሎ ግን ወረቀቱ ሳስቷል። ወደ መስኮቱ አስጠግታ ብታየው፣ በምላጭ የተፋቀ «ች» ታያት።

ደረደረች። በዚያ ዘመን እዚያ ቤት የነበረች ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ የአራሚዋ አክስት። ቤተሰቡ ግን «ወለል ስትጠርግ ነበር» ይል ነበር፤ አራሚዋም ያንኑ ስትደግም ኖራለች። ዓይን ያወጣ ስርቆት ነው። ሌባው እንኳ ይቅር፣ የገዛ ዘመድ አብሮ መስረቁ አንገበገባት።

ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ አክስቷ ቤት ሄደች።

«እትዬ፣ ማን ነው የፋቀው?»

«እኔው ነኛ።» አክስቷ ሽንኩርት መላጧን አላቆመችም። «‹ወይ ‘ች’ ትውጣ፣ ወይ አንቺ ውጪ› አለኝ አለቃው። እናትሽን በለቃሚነት ደመወዜ የማስተምራት እኔ ነበርኩ። ምን ላድርግ? ተይው የኔ ልጅ፣ ሆድ ይፍጀው።»

የአራሚዋ ሆድ ግን አልቻለም። በማግስቱ ጠዋት መዝገቡን ሥራ አስኪያጁ ፊት ዘርግታ ቆመች። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የዚያ አለቃ ልጅ ነው።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅሚያለሽ» አላት እየሳቀ። «ለአንዲት ፊደል ብለሽ?»

«ደመወዝ የሚከፈለኝ ለአንዲት ፊደል ነው።»

ሳቁን ዋጠው። «ፈርሚ። አለዚያ ቁልፍሽን አስረክቢ።»

ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ይህን ለአክስቷ ስትነግራት አሮጊቷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ሃምሳ ዓመት ስትቆጣ ያልታየች ሴት ናት።

«በእኔ ሲሆን ቻልኩት» አለች። «ባንቺ ግን አልችልም። ጫማዬን አቀብዪኝ።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ማተሚያ ቤት ነዋ። ማን እንደደረደረው የአለቃው ልጅ ከእኔው አፍ ይስማ።»

አራሚዋ የጫማዋን ክር ልታስርላት ብታጎነብስ፣ አሮጊቷ በሩን ከፍታ ወጥታለች።