የሠፈሩ ዶክተር

አንዲት ኢንዶኔዥያዊት እናት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃቸውን ይዘው በስደት በምኖርበት በፉትስክሬይ ወዳለው የቅመም ሱቄ ገቡ። ቅርንፉድ እያሸተቱ፣ “ይቺ ዶክተራችን ናት፤ ጃካርታ ያለ ዘመድ ሁሉ እሷን ነው የሚጠብቀው” አሉኝ። ልጅቷ አቀረቀረች።

የቅርንፉዱ ሽታ መርካቶ፣ አያቴ መደብር ወሰደኝ። እኔንም ሠፈሩ ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ “ዶክተር” ብሎ ሾሞኝ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አስካለማ መንገድ ላይ አስቁመው ጉልበታቸውን አስመርምረውኛል። የማትሪክ ውጤት የመጣ ዕለት ወደቅኩና፣ ቤት መግባት ፈርቼ አያቴ መደብር ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

“ምነው ዶክተር፣ ማን ሞተብህ?” አሉኝ አያቴ።

“ወደቅኩ፣ አባባ።”

“እሰይ! እኔኮ ይሄ ልጅ በስተርጅናዬ መርፌ ሊወጋኝ ነው ብዬ ስሰጋ ነበር። በል ተነስ፣ ቅርንፉዴን አትጨፍልቅብኝ” አሉና በስሜ ጠሩኝ። ስሜን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ሠፈሩ በሙሉ ከትከሻዬ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ።

ቅርንፉዱን ጠቅልዬ ለልጅቷ ሰጠኋት።

“ዶክተርነቱ ይደርሳል። ስምሽ ማነው?”

እናቷ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ልጅቷ ቀና አለች።

“ሪና” አለች፣ ጮክ ብላ።