አዳዳን ደጋፊ ያደረገው ማሽን

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ስምንት ወር ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ የሰው አፍ መዝጋት ነበር። የቅጥር ደብዳቤው ላይ እንደዛ አይልም። «የማኅበራዊ ሚዲያና የማኅበረሰብ ግንኙነት ባለሙያ» ነው የሚለው። እናቴ ሁለት ጊዜ አነበበችውና «ማኅበረሰብ» የሚለው ቃል ደስ አላት። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ስምንት ወር ሙሉ «ዛሬስ ምን አሉሽ?» እየተባሉ ቤት ከመቀመጥ ምንም ዓይነት ሥራ ይሻላል።

ድርጅቱ ቡና ላኪ ነው። ቢሮው ጅማ ነው፣ ከጅሬን ወደ ከተማው ስትወርዱ ሰማያዊ መስታወት ያለው ሕንፃ ላይ። አጋሮን አለፍ ብሎ ባለ አንድ ወረዳ ውስጥ ደግሞ ማጠቢያ አለው፤ እሸት ቡና ከገበሬው እየተገዛ የሚፈለፈልበትና የሚታጠብበት ቦታ። እዚያው ወንዝ ላይ፣ ከፍ ብሎ ምንጩ አጠገብ፣ ሁለተኛ ማጠቢያ ሊተክል ፈለገ። ከምንጩ በታች ግን ሰው ይኖራል። ከነዚያ ሰዎች አንዷ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። አዳዳ ነው የምላቸው፤ በአፋን ኦሮሞ የአባት እህት እንደዛ ነው የምትባለው።

አዳዳ ስለ ውሃው የነገሩኝ ገና ሳልቀጠር ነው። ማጠቢያው ሥራ የጀመረ ሰሞን ወንዙ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ላሞቹ አፋቸውን አስገብተው መልሰው ያወጡታል። ሰፈሩ የሚጠጣው ከላይኛው ምንጭ ነው። እሱ ከተነካ ውሃ የሚቀዳው ዳገት ተወጥቶ ከሌላ ቀበሌ ነው፤ የአዳዳ ጉልበት ደግሞ ዳገት ካቆመ ቆይቷል። ይሄን ሁሉ አውቄ ነው የፈረምኩት። ለራሴ «ውስጥ ሆኜ እረዳቸዋለሁ» አልኩ። ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ እንደዛ ነው የሚለው።

ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አርባ ያልሞላው፣ ሁልጊዜ የሚጣደፍ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስለው ሳቀብኝ። እዚህ ቤት አለቃና ሠራተኛ የሚባል ነገር የለም፣ ሁላችንም አንድ ቲም ነን፣ አንተ በይኝ አለኝ። ከዛ ሻይ ይዤለት እንድመጣ ላከኝ።

ሥራዬ የድርጅቱን ፔጅ መያዝ ነው። ፔጁ አናት ላይ «ሐሳብዎን በነፃነት ይግለጹ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሰዉም ይገልጻል። እኔ ደግሞ እደብቃለሁ። አጥፊ አልተባልኩም፣ ደብቂ ነው የተባልኩት፤ ልዩነቱን ሥራ አስኪያጁ በትዕግሥት አስረድቶኛል። የጠፋበት ሰው ይናደዳል፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ይጮሃል። የተደበቀበት ግን ኮመንቱ ለእሱ ይታየዋል፣ ለሌላው አይታይም። ተናግሬያለሁ ብሎ ደስ ብሎት ይተኛል። ስለዚህ በእኛ ፔጅ ላይ ሁሉም ሰው የፈለገውን ተናግሯል። የሰማ ሰው ብቻ የለም።

በእጅ መደበቁ ብዙም አልቆየም፤ ኤአይ መጣ። ሥራ አስኪያጁ «ሲስተሙ» ነው የሚለው፣ እኔ ማሽኑ እለዋለሁ። ማሽኑ ፖስት ይጽፋል፣ ፎቶ ይሠራል፣ ኮመንት ያነባል። የመጀመሪያ ፎቶው ላይ ቡናችን ሜዳ ላይ እንደ በቆሎ ተደርድሮ፣ አንድም የጥላ ዛፍ ሳይኖርበት ፀሐይ ሲሞቅ ይታያል። የአጋሮ ሰው ሳምንት ሙሉ ሳቀበት። አንዱማ ይሄ ቡና ሳይሆን ሰልፍ የወጣ ወታደር ነው ብሎ ጻፈ። ማሽኑ ደበቀው።

ኮመንቱን በሦስት ሣጥን ነው የሚከፍለው። ድጋፍ፣ ገለልተኛ፣ ጥላቻ። ጥላቻ ውስጥ የገባ ወዲያው ይደበቃል። «ውሃችንን አበላሻችሁ» ጥላቻ ነው። «ምንጩን አትንኩ» ጥላቻ ነው። ጅማ ያለ አንድ ልጅ «ቡናችሁ ገዳይ ነው» ብሎ ሲያደንቀን ዛቻ ነው ብሎ ደበቀበት። ልጁ አሳዘነኝ፤ በነፃ ያመሰገነን እሱ ብቻ ነበር።

በዚህ መሃል ወረዳው ለአዲሱ ማጠቢያ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የነዋሪው አስተያየት ይሰብሰብ አለ። ማን ይሰብስበው ሲባል ወረዳው ባለሙያም ኮምፒውተርም የለኝም አለ። ድርጅታችን ልርዳችሁ አለ። ድርጅታችን መርዳት ይወዳል። የወረዳው ቢሮ ወንበሮች ጀርባቸው ላይ የእኛ አርማ አለ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእኛ ካላንደር ነው፣ መኪናው ነዳጅ ሲያልቅበት የሚደወለው እኛ ጋ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ በእኛ ላይ ያለውን ቅሬታ የምንሰበስበው እኛ፣ የምንመዝነው እኛ፣ ጠቅልለን የምናቀርበውም እኛ ሆንን። ማንም አልገረመውም። እኔ ራሴ ፎርሙን አዘጋጅቼ ፔጁ ላይ ከለቀቅኩት በኋላ ነው የገረመኝ።

አዳዳ ደወሉልኝ። መሠረተ ትምህርት ገብተው በትልቅነታቸው ነው ማንበብ የተማሩት፣ ስልክ ላይም በአንድ ጣት ነው የሚጽፉት። እዛ ላይ የምጽፈው ይነበባል ወይ አሉኝ። ይነበባል አልኩ፤ ማን እንደሚያነበው ግን አልነገርኳቸውም። በአፋን ኦሮሞ ሲጽፉ ውለው ከሰዓት በኋላ ላኩት።

እኔ ሳልከፍተው ማሽኑ ቀደመኝ። ድጋፍ ውስጥ ከቶታል። በዛ ላይ ኮከብ አድርጎበታል፣ በጣም ጠንካራ ድጋፍ ማለት ነው። ከሥሩ በአማርኛ አንድ መስመር ማጠቃለያ ጽፏል፤ «ነዋሪዋ ድርጅቱን አመስግነው መርቀዋል» ይላል።

ከፈትኩት። ግማሹ ሰላምታ ነው፣ ከዛ ምርቃት፣ ከዛ ደግሞ ምርቃት። ልጆቻችሁ ደህና ናቸው ወይ፣ ከብቶቻችሁስ፣ አላህ ዕድሜያችሁን ያርዝመው። ከብዙ መስመር በኋላ ነገሩ መጣ፣ ውሃው። ከዛ ተመልሶ ምርቃት። እኛ አገር አንድ ትልቅ ሰው ቅሬታ ሲያቀርብ እንደዚህ ነው የሚያቀርበው። ሳይመርቁ ወደ ክስ መግባት ብልግና ነው። ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ ሻይ ቤት የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ያውቃል። ማሽኑ ግን የዓለምን መጻሕፍት አንብቦ የጨረሰ ስለሆነ አያውቅም።

ወደ ታች ሳየው እንደሳቸው የጻፉ ብዙ ናቸው። ወጣቶቹ በአጭሩ ተናግረው ጥላቻ ሆነዋል። ሽማግሌዎቹ መርቀው ተናግረው ደጋፊ ሆነዋል።

ማስተካከል የእኔ ሥራ ነበር። አንድ ቁልፍ ነው፤ ከድጋፍ አውጥቼ ጥላቻ ውስጥ ብከታቸው ትክክል እሆናለሁ፣ አዳዳም ይደበቃሉ። አልነካሁትም። ደሞ አልተናገርኩም። ማሽኑ ተሳስቶ ካልሆነ በቀር የአዳዳ ቃል ከዛ ቢሮ የሚወጣበት መንገድ አልታየኝም።

ስብሰባው ከወር በኋላ የወረዳው አዳራሽ ውስጥ ነበር፣ ረፋድ ላይ። ምክትል አስተዳዳሪው መድረክ ላይ፣ ሥራ አስኪያጁ ከጎናቸው፣ ሕዝቡ አርማችን ያለበት ወንበር ላይ። አዳዳ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ በዓይናቸው ብቻ ሰላም አሉኝ፤ ሥራ ላይ ነሽ ብለው መሰለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ማሽኑ ያወጣውን ውጤት አቀረበ። አብዛኛው ነዋሪ ይደግፋል አለ። ከኋላ አንድ ሰው በአፋን ኦሮሞ ለጎረቤቱ፣ እኔ ሳልሰማ ደገፍኩ እንዴ ሲል ሰማሁት። ሥራ አስኪያጁ ይሄኔ፣ ቁጥር ብቻ እንዳይሆን ከነዋሪዎች ደብዳቤ አንዱን እናንብብ አለ። በጣም ጠንካራው ነው ብሎ ኮከብ ያለበትን መርጧል። እሱ አፋን ኦሮሞ አያነብም፣ አይሰማምም። ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ።

የአዳዳ ነበር።

ምርቃቱ የት እንደሚያልቅ አውቃለሁ። እዛ ጋ ቆሜ «አመሰግናለሁ» ብዬ ብቀመጥ ሥራ አስኪያጁ ያጨበጭባል፣ ፈቃዱ ይሰጣል፣ ምንጩ ይሄዳል። አዳዳም ሦስተኛ ረድፍ ላይ ሆነው ያዩኛል። ማንበብ ጀመርኩ።

«የዚህ ድርጅት ሰዎች፣ አላህ ዕድሜያችሁን ያርዝመው» ስል ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች «አሚን» አሉ። ምርቃት ሲነበብ ዝም አይባልማ። «ያቆማችሁት ቤት አይፍረስ» አልኩ። አሚን፣ አዳራሹ በሙሉ። «የዘራችሁት አይድረቅ።» አሚን። ሥራ አስኪያጁ ወደ ምክትል አስተዳዳሪው ጠጋ ብሎ ፈገግ አለ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲደግፈው በሕይወቱ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ምርቃቱ አለቀ። ጀግንነት አልተሰማኝም፣ ቶሎ ጨርሼ መቀመጥ ብቻ ነው የፈለግኩት። አላቆምኩም።

«የታችኛው ማጠቢያ ውሃችንን አጥቁሮታል። የቀረን የላይኛው ምንጭ ነው። እሱን ከነካችሁ የምንጠጣው የለንም። እሱን ተዉልን።»

«አሚን» አለ አዳራሹ። ይሄኛው ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

«አላህ ቅን ልብ ይስጣችሁ።»

«አሚን።»

ሥራ አስኪያጁ ያጨበጨበው ብቻውን ነው። ምክትል አስተዳዳሪው ጆሮው ላይ አንድ ነገር ሲነግሩት እጁ ቆመ። ከዛ በኋላ ምን ሊባል ነው? ሐሰት ነው እንዳይሉ ማስረጃ ብሎ ያቀረበው ድርጅቱ ራሱ ነው፣ ከነኮከቡ። አንድ ሽማግሌ ተነሱና የተነበበው በሙሉ ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ አሉ፣ እሳቸውም መርቀው ነው የጀመሩት። ጸሐፊው ጻፈ። ምክትል አስተዳዳሪው ላባቸውን ጠረጉና የውሃ ባለሙያ ምንጩን አይቶ እስኪያቀርብ ድረስ ጉዳዩ ይቆይ አሉ። ይቅር አላሉም፣ ይቆይ ነው ያሉት። ባለሙያውን ወደዛ የሚያመላልሰው መኪና ነዳጁን ከማን እንደሚቀዳ አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ምንጩ ያን ቀን አልተሰጠም።

ስንወጣ አዳዳን ደጅ ላይ አገኘኋቸው። ጎበዝ ነሽ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። አነባበብሽ ይጣደፋል አሉኝ። እኔ ደግሞ እየሳቅኩ፣ ምርቃቱ ግን ጥሩ ዘዴ ነበር፣ ማሽኑን ሸወዱት አልኳቸው።

ቆም አሉ።

«ምን ዘዴ? ከልቤ ነው የመረቅኩት።»

«ውሃዎትን ሊወስዱ ነው እኮ፣ አዳዳ።»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የሰው ልጅ ናቸው። ልጅ አላቸው። ቤታቸው እንዲፈርስ ለምን እመኛለሁ? ምንጩን እንዲተዉልኝ ነው የምፈልገው።»

አራት ዓመት ተምሬ፣ ወሩን ሙሉ ያን ደብዳቤ ይዤ፣ እኔም ያነበብኩት ግማሹን ነው። ማሽኑ ክሱን ዘለለው፣ እኔ ምርቃቱን።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። አልጮኸም፤ ቲም ስለሆንን መጮኽ የለም። ሲስተሙ የአካባቢውን ባህል ስለማያውቅ ተሳስቷል፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም አለኝ። ከዛ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረ። የሽማግሌዎቹ ኮመንት በሙሉ ተደርድሯል። እያንዳንዱን አንብቢና መርቆ የሚከሰውንና በእውነት የሚመርቀውን ለይተሽ አሳዪው፣ ከዚህ በኋላ ራሱ ይለያል አለ። ይሄን ከሠራሽ የሙከራ ጊዜሽ ዛሬ ያልቃል፣ ቋሚ ትሆኛለሽ አለኝ።

ገባኝ። በሚቀጥለው ጊዜ አዳዳ ምንም ያህል ቢመርቁ ማሽኑ ውሃውን ከውስጡ ፈልቅቆ ያወጣና ይደብቃቸዋል። የሚያስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ፣ ከሳቸው የተማርኩትን።

«አይለይም» አልኩት።

«እንዴት አይለይም? ወይ ከኛ ጋ ናት ወይ አይደለችም።»

«ሁለቱንም ነው ያሉት። እየመረቁህ ውሃዬን ተዉልኝ ነው የሚሉት። ለዚህ የሚሆን ሣጥን የለህም።»

«እሺ ሌላ ሣጥን እንክፈታ» አለ። በጣም ምክንያታዊ ሰው ነው፣ ያበሳጨኝም እሱ ነው። «አራተኛ ሣጥን። ስም አውጪለትና ጀምሪ።»

አራተኛውም ሣጥን መጨረሻው መደበቅ መሆን አለመሆኑን ጠየቅኩት። ምን እንዲሆን ፈለግሽ አለኝ። እንዲነበብ አልኩ። ሳቀ። ፔጅ ነው እኮ፣ ማን ያነባል አለኝ።

ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩና እንደማልሠራው ነገርኩት። ለማሰብ እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠኝ፤ አስቤ ነው አልኩት። መልቀቂያዬን የጻፍኩት በእጄ ነው፣ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ስጀምር ግን ቶሎ ወደ ነገሬ መግባት አቃተኝ። ስለ ሥራ አስኪያጁ ደህንነት ጠየቅኩ፣ ስለ ልጆቹም፣ መረቅኩትም። ከዛ ነው ያልኩትን ያልኩት።